«ደህና ነኝ» ማለት የተውኩበት ቀን

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ጌታ ያደረገልኝን ግን በሆዴ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ባለፈው እሁድ ልመሰክር ተነስቼ ሁላችሁም ዞር ብላችሁ ስታዩኝ መልሼ ተቀመጥኩ። ስለዚህ በደብተር ጻፍኩት። ከመዘምራን እህቶች አንዷ ታንብብልኝ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እሰማለሁ። ስሙ ይባረክ!

እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አበባ ናት። ታውቋታላችሁ፤ እዚሁ አዋሽ፣ መንገድ ዳር ያለው ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። እኔም እዚያው ሳህን አጥብ ነበር። አበባ ብዙ አትናገርም። ጫማሽ ተቀደደ ብላኝ አታውቅም፤ ጠዋት ስነሳ ግን ተሰፍቶ አገኘዋለሁ። እኔ ያንን ፍቅር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ቤተ ክርስቲያንም የምመጣው እሷን ተከትዬ ነበር እንጂ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ከጅቡቲ ሲመለስ እኛ ጋ የሚበላ አንድ የተሳቢ ሹፌር ነበር። እሱ ደግሞ አፉ ማር ነው። «እነዚህ እጆች ለሳህን አልተፈጠሩም» አለኝ። ወገኖቼ፣ አትሳቁብኝ፤ እንደዚያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ሰመራ ቤት እከራይልሻለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን» ሲለኝ ሻንጣዬን አነሳሁ።

አበባ በሩ ላይ ቆማ «ይሄን ወሬውን በየከተማው ነው የሚያወራው» አለችኝ።

«አንቺ ማንም ስላልፈለገሽ ነው!» አልኳት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እሷም «እንግዲያው ሂጂ። እኔም እህት የለኝም» አለች።

ሰመራ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ክፍል ተከራየልኝ። ስልኬን ተቀብሎ የእህቴን ቁጥር አጠፋና «ከእንግዲህ ያለሽ እኔ ነኝ» አለኝ። እኔ ይህንንም ፍቅር መሰለኝ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በየወሩ ሆነ። የተሳቢ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ እወጣ ነበር። ፋሲካም አለፈ።

ከዚያ ማሳል ጀመርኩ። ልብሴ ሰፋኝ፤ ላብ ያጠምቀኛል፤ ሰመራ ሙቀቱ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ አክታዬን አስመርምራ «ቲቢ ነው። ይድናል፤ ግን ስድስት ወር ሳታቋርጪ መድኃኒት ትውጫለሽ። አብሮሽ የሚኖር ሰው ካለ እሱም ይመርመር» አለችኝ። ደውዬ ነገርኩት። «እኔ? እኔን ምን አገባኝ! ስትድኚ ትደውያለሽ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ብደውልለትም ስልኩ አልጠራም። እኔም ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ እንዳያየኝ ፈርቼ መድኃኒቱን በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። እንግዲህ በሬን ዘግቼ ሞቴን እጠብቅ ነበር፣ ወገኖቼ።

በዚያው ግቢ ሐዋ የሚባሉ የፍየል ወተት የሚሸጡ የአፋር እናት ነበሩ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ብለው ወሬ ይጠያየቃሉ። የተጠየቀ ሰው ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር አለበት፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። እማማ ሐዋም በየጠዋቱ «ምን ወሬ አለ? አንቺ እንዴት ነሽ?» ይሉኛል። እኔ ሰላምታ መስሎኝ እንደ እኛ ልማድ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

አንድ ቀን በቀትር ውሃ ይዤ ስገባ በራቸው ላይ ከነጄሪካኔ ወደቅኩ። ደግፈው ጥላ ውስጥ አስቀመጡኝና ፊቴን አዩት።

«ዛሬ ጠዋት ምን አልሽኝ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትናንትስ?»

«ደህና...»

«እኔ ስላንቺ ሲጠይቁኝ ደህና ናት ብዬ ለሰው ነግሬአለሁ! አስዋሸሽኝ! ወላሂ፣ እናንተ የደጋ ሰዎች ደህና ነኝ እያላችሁ ነው የምትሞቱት!»

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። «በይ አሁን እውነቱን አምጪ» አሉኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አይደለሁም አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ዳኛ ነው የጠየቁኝ፤ የእህትሽ ስም ማን ነው፣ የት ነው የምትሠራው፣ ምልክቷ ምንድን ነው። ግንባሯ ላይ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ አለ አልኳቸው። «በሽታውን ግን ለማንም አይንገሩብኝ» ብዬ ለመንኩ። «በሽታውን ከተውኩማ ወሬው ጎደሎ ነው» አሉ። የወንድማቸው ልጅ ፍየል በአይሱዙ ጭኖ ወደ አዋሽ አቅጣጫ ይሄድ ነበርና ለሱ ነገሩት። እኔ ከወሬ ምን ይመጣል ብዬ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አበባ ናት። የወጥ ቤት ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ሃሌሉያ!

«አንድ ፍየል ነጋዴ መጣ» አለችኝ። «ምግብ ሳያዝ ‹ግንባሯ የተቃጠለች አበባ የምትባለው የት አለች› አለ። አንቺን አይቶሽ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ነው የሰማው። የበርሽን ቀለም እንኳ ሳይቀር ነገረኝ።»

ከዚያ መስኮቱን ከፈተች፤ ልብሴን አጠበች፤ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ደረቴ ላይ አደረገችልኝ። በማግስቱ መታገስ አቃተኝና «ለምን መጣሽ? እህት የለኝም ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

«ብያለሁ» አለች። «በማግስቱ ስንበረከክ ሌላ ጸሎት እምቢ አለኝ። ያንቺ ስም ብቻ ነው ከአፌ የሚወጣው። ጌታ ካልተወሽ እኔ ማን ነኝና እተውሻለሁ?»

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ። እኔ የሸሸሁት ጌታ ለካስ ስሜን በእህቴ አፍ ውስጥ አኑሮት ነበር! እዚያው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ኃጢአቴን ተናዘዝኩ፤ ኢየሱስን ጌታዬ አልኩት። አበባንም «ያን ቀን የተናገርኩሽን ይቅር በዪኝ» ስላት «መጀመሪያ ሾርባሽን ጠጪ» አለችኝ። እህቴ እንዲህ ናት። ክብር ለጌታ ይሁን!

ከዚያ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ነርሷ ተቆጥታኝ መድኃኒቱን እንደገና አስጀመረችኝ። እህቴ ሥራዋ ስላለ ተመለሰች፤ እማማ ሐዋ በየጠዋቱ ክኒኔን ስውጥ ቆመው ያያሉ፤ ወተትም አፍልተው ያጠጡኛል። በሦስተኛው ወር ጉልበት ሲሰማኝ ለአበባ ደውዬ «ጌታ ፈውሶኛልና መድኃኒቱን ላቁም?» አልኳት። «ፈውሶሻል፤ ክኒኑንም የሰጠሽ እሱ ነው። ዋጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። ዋጥኩ። ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ነርሷ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አይታ «ንጹሕ ነሽ፤ ሂጂ፣ ደግመሽ እንዳላይሽ» አለችኝ። ሃሌሉያ፣ ሃሌሉያ!

ሹፌሩም አንድ ቀን ደውሎ «ድነሻል አሉ፤ ልምጣ?» አለኝ። ጌታ ይባርክህ፣ ሄደህም ተመርመር ብዬው ዘጋሁ። አልጠላሁትም። ጥላቻውንም ጌታ ወስዶልኛል።

ዛሬ እዚሁ አዋሽ ከእህቴ ጎን ሳህን አጥባለሁ፤ ከልቤም እዘምራለሁ። ፍቅር ጣፋጭ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዝም ብሎ ጫማ የሚሰፋም አለ፤ እውነቱን ካልነገርሽኝ ብሎ የሚቆጣም አለ። እማማ ሐዋ እምነታቸው ሌላ ነው፤ እኔን ያጠጡኝ ወተት ግን ከጌታ እጅ እንደመጣ አልጠራጠርም። በየቀኑም እጸልይላቸዋለሁ። ከመካከላችሁ በር ዘግቶ «ደህና ነኝ» የሚል ካለ፣ እባካችሁ ለጌታ እውነቱን ንገሩት፤ አጠገባችሁ ላለ ሰውም ንገሩ። አያሳፍራችሁም። እኔን አላሳፈረኝም።

ከሰመራ ስወጣ እማማ ሐዋ ሻንጣዬን ይዘው እስከ መኪናው ሸኙኝ። አላለቀሱም። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«ለእህትሽ ንገሪያት፤ ልጅቷን መልሻለሁ፤ ሙሉዋን ግን አይደለም፤ ግማሿ እኔ ጋ ቀርታለች።»