ባቡሩ ያመጣው ቀይ ማሽላ

ባለፈው ሳምንት ሱዳን፣ ገዳሪፍ እህል ገበያ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቤ አሮጌ ጆንያ ሲያራግፍ፣ ያ የአቧራና የማሽላ ገለባ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ደስ ይለዋል ይባላል። ለታደለ ነው እሱ! እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ አቧራ ያሳለኝ መስዬ ወጣሁ።

ገዳሪፍን ባቡር ነው ያሳደጋት። በልጅነቴ ከሽማግሌዎቹ እንደሰማሁት፣ ድሮ ሰው በግመል መጥቶ ተገበያይቶ የሚበተንባት የሣር ጎጆ መንደር ነበረች፤ ከዚያ ሐዲዱ መጣ፣ ሐዲዱን ተከትሎ ነጋዴ፣ ነጋዴውን ተከትሎ መጋዘን፣ መጋዘኑን ተከትሎ ተሸካሚ መጣና ከተማ ሆነች። ከሁሉም ኋላ የመጣነው እኛ ነን፣ ረሀብ የነዳን ሐበሾች። የአገር ሆድ ትሞላለች በምትባል ከተማ ሆዳችን ከጀርባችን ተጣብቆ ገባን። እንደ ማማ የቆመው የከተማዋ ረጅም የእህል ጎተራ ከሩቅ ብቅ ሲል እናቴ ቤተ ክርስቲያን መስሏት ቆማ አማተበች፤ አባቴም አብሮ አማተበ። ወይ ጉድ! ለእኛ አንዲት ፍሬ ላልሰጠ ጎተራ ማማተባቸው አሁንም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ያናድደኛል።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ረሀብ በጋ ነበር። ከጎንደር ቆላ ተነስተን በመተማ በኩል ስንገባ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወንድሜ ማሩ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቴ ብዙም ሳይቆይ ጥጥ ለቀማ ፍለጋ ፋው ወደሚባል የእርሻ ቦታ ሄደ። ሲሄድ ማሩን አቅፎ ሳመውና ለእናቴ ሰጥቶ፣ «አደራ፣ እስክመለስ ይህን ልጅ ብቻ አቆዪልኝ» አላት። እኔን ራሴን ዳበሰኝ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ የምትተኛውም የምትነሳውም ማሩን ለአባቴ መመለሻ ከነነፍሱ ለማድረስ ነበር።

ከጣቢያው ጀርባ በማሽላ አገዳና በጆንያ ቅዳጅ የተሠራች መጠለያ ነበረችን። ባቡር ሲገባ ተሸካሚዎቹ ጆንያውን በጀርባቸው ሲያወርዱ እህል ይንጠባጠባል፤ እኛ ሐበሾቹ ሴቶችና ልጆች ከፉርጎው ሥር ገብተን በሣር መጥረጊያ አፈሩን ከነእህሉ እንጠርግና፣ እናቴ በሰፌድ እያንገዋለለች፣ እኔ ጠጠሩን እየለቀምሁ፣ ከአንድ ቁና አፈር አንድ እፍኝ ማሽላ እናወጣ ነበር። ያችን እፍኝ ነበር ፈጭተን የምንበላው። እኔ በሦስት ወር ዐረብኛውን ለመድሁት፤ እናቴ ግን ከሰላምታ አላለፈችም፣ ስለዚህ በገበያውም በጣቢያውም አፏም ጆሮዋም እኔ ነበርሁ። ኩራቴስ! እንደ ትልቅ ሴት ወገቤን ይዤ ነበር የማስተረጉመው።

ጣቢያውን የሚጠብቁ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በአገሩ ደንብ «አም ኢድሪስ» እያልን፣ አጎት ማለት ነው፣ እንጠራቸው ነበር። ነጋዴዎቹ እንዲያባርሩን ያዟቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ሴት በዱላ መምታት ያሳፍራቸዋል፣ እናም ዘዴያቸው ጩኸት ነበር። «መርዝ ነው! የአይጥ መርዝ ተረጭቶበታል፣ እንዳትበሉ!» ይሉን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጥለን ሮጥን። በኋላ ግን አንዷ ደፍራ በላች፣ ምንም አልሆነችም፤ ሁላችንም በላን፣ ምንም አልሆንንም። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲጮኹ እኛ እንስቅ ነበር፣ እሳቸውም አንዳንዴ አብረውን ይስቁ ነበር።

ሚያዝያና ግንቦት ሲመጡ ሐሩሩ ድንጋይ የሚያፈነዳ ሆነ፣ የሚራገፍ እህልም እየጠፋ ሄደ። ባቡሩ ቢመጣ ባዶ ነው፣ ወይም በወታደር ተጠብቆ ቀጥታ ያልፋል። የማሩ ፀጉር ሳሳና ቀላ፣ ሆዱ ተነፋ፣ መሮጥ የጀመረ ልጅ ተመልሶ በቂጡ መሄድ ጀመረ። እናቴ የራሷን ድርሻ ለእሱ ትሰጥና ለእኔ፣ «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ትለኝ ነበር። ኧረ ምኑን በልታ! አውቅ ነበር፣ ግን የራሴን እውጥ ነበር።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ዝናብ ጣለ፤ ለገበሬዎች የሚዘራ እህል የጫነ ባቡርም ገባ። እየሮጥሁ ከሰው ሁሉ ቀድሜ ደረስሁ። ከመጨረሻው ፉርጎ በር ሥር፣ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ማሽላ ክምር ብሎ ተቀምጧል፤ አፈር ያልነካው፣ ነቀዝ ያልበላው፣ ፍሬው ድፍን፣ መልኩ ቀይ። በቀሚሴ እያፈስሁ ሳለ አም ኢድሪስ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ መጡና፣ «ይሄ መርዝ ነው፣ ልጄ! የዘር ነው፣ መድኃኒት ተቀብቷል፣ ለእናትሽ ንገሪያት!» አሉ። ያን ቀን አልሳቁም። ያን ቀን ዱላቸውንም አነሱ። አየሁ እኮ፣ አየሁ! ግን ክምሩ ከሁለት ቁና ይበልጣል፣ እኔም ርቦኛል፤ ቀሚሴን ጠቅልዬ ሮጥሁ።

እናቴ ስታየው እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እሰይ! ዘንጋዳ! የአገሬ ዘንጋዳ እዚህ ድረስ መጣልኝ?» አለችና አፍሳ ሳመችው። ዘንጋዳ የምንለው የአገራችን ማሽላ ቀይ ነው፣ ማን ይጠረጥራል? ስታጥበው ውሃው ቀላ፤ ደፍታ እንደገና አጠበችው፣ እንደገና ቀላ። ያኔ ቀና ብላ፣ «ቅድም ጩኸቱ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ሽማግሌው ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?» አለችኝ።

«ሂዱ ነው የሚለው» አልኋት። «እንደ ወትሮው ሊያባርረን ነው፣ እማዬ።»

እሷም ለሦስተኛ ጊዜ አጠበችው፣ ፈጭታም ገንፎ አገነፋች። በቤታችን ደንብ አዲስ እህል ሲገኝ መጀመሪያ የሚቀምሰው ትንሹ ልጅ ነው፣ በረከት ይሆናል ይባላል፤ ስለዚህ ማሩ እስኪበቃው በላ። ገዳሪፍ ከገባን ወዲህ ሲጠግብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቀረችውን እኔና እናቴ ተካፈልናት።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም አስታወከን፤ ማሩ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ አዝላው ሐኪም ቤት ሮጥን። ነርሷ ቀይ ቀለም የነካቸውን ጣቶቹን አየችና፣ «ምን አበላችሁት?» አለች፤ አስተረጎምሁ። እናቴ ነገረቻት፤ አስተረጎምሁ። ነርሷ ራሷን ይዛ ተናገረች፦ ያ ለዘር የተዘጋጀ ማሽላ ነው፣ ተባይ እንዳይበላው መርዝ ተቀብቷል፣ ማጠብ አያወጣውም። ይህንንም አንድ ቃል ሳልቀንስ ለእናቴ አስተረጎምሁላት። እሷ እጆቿን ብቻ አዙራ አዙራ አየቻቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ማሩ ሞተ።

አባቴ በመስከረም ተመለሰ። «በምን ሞተ?» ሲላት፣ «እኔ ነኝ ያበላሁት፣ በገዛ እጄ» አለችው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። «አደራዬን እንዲህ አረግሽው?» አለና ከእጇ እህል ሳይቀምስ ሁለት ቀን ሰነበተ፤ በሦስተኛው ወደ ፋው ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ትዳር እንደያዘ በሰው ሰማን።

እናቴ በስደተኞች ካምፕ የነበሩ አንድ ቄስ ዘንድ ሄዳ ንስሐ ገባች። «ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፣ ልጄ» ብለው የአርባ ቀን ጾም አዘዙላት። አርባው ቀን አለቀ፣ እሷ ግን አላቆመችም። እኔን አሳደገች፣ ዳረች፣ የልጅ ልጅ አየች፤ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም፣ ጎህ ሲቀድ ጉልበቷ እስኪጠቁር ትሰግድ ነበር።

ያች ከተማ ዛሬ ሌላ ናት። ሐዲዱን አሸዋ በልቶታል፣ እህሉ በከባድ መኪና ይጫናል፣ ማሩን የቀበርንበት ሜዳ ቤት ተሠርቶበት ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ ይመላለስበታል። እኔ ሰሊጥ የሚያበጥሩ ሴቶች አሠራለሁ፤ ቤቴ እህል ጠፍቶ አያውቅም። ያኔ አፌን የዘጋው ረሀብ ነው እንበል፣ ልጅ ነበርሁ እንበል። ከጠገብሁ በኋላስ? ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ አንድ ማዕድ ቆርሰን፣ እሷ የእኔን ኃጢአት ስትጾም እኔ የጾም መፍቻዋን አቀርብላት ነበር።

ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዛ፣ «እዚያ ስደርስ ማሩ ይቅር ይለኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይልሻል፣ እማዬ» አልኋት።