ብቻዋን የቀረች እዝባር

ኛቢየል ጆን እኔ መዝገብ ቤት በምሠራበት የጋምቤላ ቢሮ ታይፒስት ነበረች። ክልል ከሆንን ወዲህ ከቢሯችን የወጣው ጽሑፍ ሁሉ በጣቶቿ አልፏል። ባሏ ጋች በወባ ሲሞት ልጅ አልነበራቸውም፤ ጎጆዋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። የባሏ ወንድም ጎኝ ከኢታንግ እየመጣ፣ "ሰው የሌለበት ቤት ምኑ ቤት ነው? ነይ እኔ ጋ ግቢ" ይላታል።

"ሥራ እስካለኝ ቤቴ ነው" ትለዋለች።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ታይፒስቶች ሠልጥነው ይፈተኑ፣ የወደቀ ይሰናበት ተባለ። የሥልጠናው ግማሽ መብራት እየጠፋ ባከነ! ፈተናው ደግሞ የተዝረከረከ የፋይል አድራሻ የሚያጸዳ ፕሮግራም መጻፍ ነው፦ በማኅደር ስሞቹ መካከል የተደራረበ እዝባር (/) አንድ ብቻ ይሁን፣ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለውም ይውጣ። "ይሄ ለታይፒስት ምን ያደርጋል?" ብዬ ጮህኩ። "አንተ ምን አገባህ?" ተባልኩ።

እዝባርን ኛቢየል ታውቃታለች፤ መ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ጽ/ቤት እያለች ስትመታት ኖራለች። ፕሮግራሙ ፊደል በፊደል እያየ፣ ከእዝባር ቀጥሎ እዝባር ሲመጣ እንዲዘል አደረገች። የመጨረሻዋንም አስቆረጠች። ሠራ! ቆመን የምናየው የቢሮው ሰዎች አጨበጨብን።

አሠልጣኙ ወንዳፍራሽ አንዲት እዝባር ብቻ አስገባ። ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

"አየሽ፣ ጠፋች።"

"መጨረሻ ላይ ያለችው ትውጣ አላልክም እንዴ?"

"ይቺ መነሻም ናት። የፋይል አድራሻ ሁሉ የሚጀምረው ከሷ ነው።"

"ስም የሌላት እዝባር ምን ትሠራለች? ከወ/ሮ ላይ ወ-ንም ሮ-ንም ባወጣ ምን ወይዘሮ ቀረ?"

ሳቅን። እሱም ሳቀ። "ውስጧ ምንም ባይኖርም አድራሻ ናት፤ አትነካም" አላት።

ኛቢየል ሳቋን አቆመች። "እስቲ ይህን ለጎኝ ንገርልኝ።"

ጎኝ ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቃትም።

"አንድ መስመር ልጨምር" አለች። "ብቻዋን ከሆነች ተዋት የምትል።"

"ሰዓቱ አልቋል፣ እህቴ።"

ለዚያች አንዲት መስመር አሰናበቷት። ጎኝ በታንኳ መጣ፤ አልጋዋን እኔና እሱ እስከ ባሮ ወንዝ ተሸከምን። ታንኳው ላይ ልትወጣ ስትል የቤቷን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረችው።

አሁን የቀበሌ ሰዎች ቤቱን ለሌላ ሊሰጡ ይመላለሳሉ። "ባዶ ነው እኮ" ይሉኛል። በሩ ላይ ቆሜ፣ "የኛቢየል ነው" እላቸዋለሁ። እስከ መቼ እንደሚሰሙኝ እንጃ።