የእትዬ ጥሩነሽ ላም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቴ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጣች። ቤት ለቤት እየዞሩ የቤተሰብ ችግር አጥንተን ግብ እናስቀምጣለን ከሚሉት አንዷ ናት። ገና አረፍ ሳትል «እማማ፣ ምን ይጎድልዎታል?» አለችኝ። እነዚህን ሰዎች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

የደምበጫ ገጠር ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት እንደሷ ያለች አንዲት ሴት ቤት ለቤት ልትዞር ከከተማ መጣች። ከመንደሩ በጣም ከተቸገረው ቤት አንዲት ልጅ ተመርጣ፣ ማደሪያና ደብተር ተሰጥቷት ማርቆስ ሰባተኛን ትማራለች ተባለ። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን የሚያርሰው የእኩል አራሽ ነበር፤ ከእኛ የባሰ ድሃ አልነበረም። እኔማ በሐሳቤ ማርቆስ ገብቼ ነበር።

እናቴን የጨነቃት ግን ሌላ ነው። «እንግዳ ባዶ ቤት አይታ ትሂድ?» አለች። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ዕቃ መዋዋስ ነውር የለውም። ከጎረቤታችን ከእትዬ ጥሩነሽ አጎዛ፣ ማር፣ እርጎ ተዋሰች። እትዬ ጥሩነሽ የምትታለብ ላሟን ሳይቀር ከነጥጃዋ አምጥታ ደጃችን አሰረችልን።

ሴትዮዋ በመስከረም ጭቃ ቦቲዋን እየጎተተች ደረሰች። አጎዛው ላይ ተቀምጣ እርጎውን ግጥም አድርጋ ጠጣች።

«ምን ይጎድላችኋል?»

«ምን ይጎድለናል ልጄ? ይልቅ ማሩን ቅመሺው።»

«ለከርሞስ ምን አስባችኋል?»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። «እሱ ያውቃል» አለች።

ሴትዮዋ ጽፋ ጽፋ አነበበችልን። ያወጣችልን ግብ ሁለተኛ ላም መግዛት ነበር። ላሚቱ ወደ ቤቷ ዞራ እምቧ ስትል ዋለች፤ ያቺ የተማረች ግን የማን ላም ናት ብላ አልጠየቀችም።

ከእኛ ወጥታ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ገባች። እዚያ አጎዛ የለ፣ ማር የለ፣ ላም የለ። ልጇን የሺን መዘገበቻት።

እናቴ ሄዳ ብትጠይቃት እትዬ ጥሩነሽ «እኔ ምን አልኩ? ያየችውን ጻፈች» አለቻት። ላሟን እየሳበች ወሰደች። የሺ ማርቆስ ሄደች፤ እኔ ጥር ላይ ተዳርኩ። የሺ አስተማሪ ሆና ኖራ አሁን ጡረታ ወጣች ይሉኛል። ትውጣ። መንገድ ላይ ሳገኛት ሰላምታዬ አጭር ነው።

ታብሌት የያዘችው ልጅ መልሴን ትጠብቃለች። እንደምትመጣ ቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የማስቀምጠውን ባልዲ አልጋ ሥር ገፍቼው፣ ደህና ወንበር ከጎረቤት አስመጥቼ ነበር። በዚያች ቀን ምክንያት እናቴን ስንት ዓመት ሙሉ እንደናቅኋት የማውቀው እኔ ነኝ።

«ምንም አልጎደለኝም ልጄ» አልኳት።

መዘገበች። የተቀመጠችበት ወንበር የማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ጣሪያውንም ቀና ብላ አላየችም።