ባዶ የታየው የዶክተሩ ሰኞ

ሐመልማል ለሥራ ከደሴ ወላይታ ሶዶ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የሠራተኛውን ኢሜይልና አብሮት ያለውን የቀጠሮ ካላንደር ወደ አዲስ ሰርቨር፣ ማለትም መረጃው ወደሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ ስታዛውር ሰንብታ ሰኞ ጠዋት ስትገባ፣ ቀጠሮ ያዧ ህብረት ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ሐመልማልዬ፣ ነይና ጉድ እዪ!»

ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ሦስት ሕመምተኞች ተቀምጠዋል። ሦስቱም እህል ሳይቀምሱ ያደሩ፣ ሦስቱም ለሁለት ሰዓት የተቀጠሩ ናቸው። ሐኪሙ ግን ዶክተር ጉልላት ብቻ ናቸው።

«ኮምፒውተሩ የዶክተሩ ካላንደር ባዶ ነው ይለኛል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለች ህብረት።

ሐመልማል ሮጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዶክተሩ ወደ አዲሱ ሰርቨር ተዛውረዋል፤ ህብረት ገና አሮጌው ላይ ናት። ሁለቱ ሰርቨሮች ስላልተገናኙ የተያዘው ሰዓት ሁሉ ለህብረት ክፍት መስሎ ታይቷታል። ሐመልማል ዝውውሩን የሞከረችው ቀድሞ በተዛወረው በራሷ ኢሜይል ብቻ ነበር። ስለዚህ ክፍተቱ አልታያትም።

ሰርቨሮቹን አገናኝታ፣ የዶክተሩ ሰዓት «ተይዟል» ሲል በህብረት ኮምፒውተር ላይ አረጋገጠች። ከዚያ ሕመምተኞቹ ፊት ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከሦስቱ አንዱ፣ ከቤሌ የመጡት አቶ ላሊሶ፣ ትክ ብለው አዩዋት። «እኔ እኮ ልጄ፣ ሦስታችንንም ባንድ አልጋ ሊያክሙን መስሎኝ ነው የደነገጥኩት!»

እሳቸው በዚያው ጠዋት ታከሙ፤ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ገባ። ሦስተኛዋ፣ ከቦዲቲ የመጣችው ሴትዮ፣ ምሳ በልታ ለማክሰኞ ተቀጠረች። ሐመልማል ግን የቀሩትን ሠራተኞች ካላንደር በየኮምፒውተራቸው እየዞረች ስትፈትሽ ዋለች።