የእረፍት ተራ

ከሮቢት በታች ባለው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ እኔና አብሮ አደጌ ሩጫ እንለማመድ ነበር፤ መቶ እርምጃ ባለን ኃይል ሁሉ መሮጥ፣ መቶ እርምጃ በዝግታ መራመድ። እሱ በእረፍት ተራው ቢገድሉት አይሮጥም። እኔ ደግሞ ላበሳጨው «ደራሽ ውሃ መጣ፣ ሩጥ!» እያልኩ እጮህበት ነበር።

አንድ ቀን እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ፣ ውሃው እውነት መጣ። እኔ ደክሞኝ ቀድሜ ዳር ወጥቼ ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ያ እልኸኛ፣ ምናለ አንዴ እንኳ ቢያምነኝ! ዞር ሳይል እጁን አወዛወዘልኝና እርምጃውን መቁጠሩን ቀጠለ። ሬሳውን ያገኘነው በማግስቱ ነው።

ዛሬም እሮጣለሁ፤ አስፋልት ላይ። የእረፍት ተራዬ ሲደርስ ግን መራመድ አልችልም። ከኋላዬ የሚጮኸው የራሴ ድምፅ ነው።