በምርቃት ያመለጠው ሹም

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት እዚሁ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። የሹሙን ስምም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ስሙ በጽሑፍ ሲወጣ ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ስለሆነ፣ ያቺን ደስታ ከእኔ አያገኛትም።

የምንኖርበት ሕንፃ አሮጌ ነው፤ በየቤቱ መጠለያ ክፍል የለውም። አዛካ፣ ማለትም የሮኬት ማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲነሳ የምንሮጠው መንገድ ዳር ወዳለው ሚቅላት ነበር። ያ የሕዝብ መጠለያ በዝናቡ ፍሳሽ ሞላበትና ቆለፉት። ሌላው ያለው ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው።

የባለቤቴ አባት አባባ ታከለ ከጎንደር በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው። አሁን ግን ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። እኔ ልጆቼን ይዤ ስሮጥ እሳቸው ደረጃው ሥር ይቀመጣሉ። "እናንተ ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ" ይሉኛል። ትቻቸው እሄዳለሁ። ተመልሼ በሕይወት እስካገኛቸው ድረስ ያለውን ስሜት ለጠላቴም አልመኝለትም።

መጠለያው እንዲከፈት ደጅ ያልጠናንበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ መላ ያመጣችው ጎረቤቴ ጋሊና ናት። እሷ ከሩሲያ የመጣች ክርስቲያን ነች። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን፣ የእኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ጸሎት ቤትና ሼኽ ዩሱፍ የሚመሩት መስጊድ አንድ ላይ ሆነው የመጠለያው ጉዳይ የሚመለከተውን ሹም እንዲጠሩ አደረገች። ሼኹ ከኔጌቭ በረሃ ናቸው። ምእመኖቻቸው እኛ ሰፈር ግንባታ ላይ ይሠራሉ፤ አዛካ ሲነሳ እነሱም መግቢያ የላቸውም።

ስብሰባው አፍሪዳር ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ ሆነ። ስምምነታችን ቀላል ነበር። ከየወገኑ አንድ ሰው ችግሩን ይናገራል፣ ከዚያ ሹሙ በሕዝብ ፊት "እከፍታለሁ" ወይም "አልከፍትም" ይላል። በዕድሜ ስለሚበልጡ መጀመሪያ አባባ ታከለ እንዲናገሩ ተደረገ።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንግዳውን ሳይመርቅ አይወቅስም። ወቀሳው ከባድ ከሆነ ደግሞ ምርቃቱ ይረዝማል።

አባባ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። "ክፉ አይንካህ። ልጆችህ ይደጉልህ። ወጥቶ መግባትን ይስጥህ" እያሉ ቀጠሉ። እኛ "አሜን" እንላለን፣ ለማስተርጎም የመጣች ልጅ ለሹሙ በዕብራይስጥ ታደርሳለች። የሹሙ ፊት እየበራ ሄደ። አባባ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ሲሉ ብድግ ብሎ እጃቸውን ጨበጠ።

"ቶዳ ራባ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ አባ። እንዲህ ያለ ምስጋና ተሰጥቶኝ አያውቅም" አለና ሰዓቱን አይቶ ወጣ። ያልገባቸው ሰዎች አጨበጨቡለት።

አባባ እንደቆሙ ቀሩ። "የት ሄደ? እኔ መቼ ጀመርኩና?" አሉኝ።

"ምስጋና መስሎት ነው፣ አባባ።"

"ሳልመርቅ ብናገረው ጠብ አይሆንም ወይ?" አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ሰውዬው ባህላችንን ስለማያውቅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። ለምን እንደተጠራ አሳምሮ ያውቃል። መውጫ ቀዳዳ ሲፈልግ አማቴ ሳያውቁ ከፈቱለት።

በማግስቱ ሼኽ ዩሱፍ ጋሊና ጋ ደወሉ። "እህቴ፣ ፓምፕ አለን፤ ምን እንጠብቃለን?" አሏት። ከሠራተኞቹ ጋር መጡና የመጠለያውን ቁልፍ ሰበርን። ሼኹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው እዚያ ግም ውሃ ውስጥ ገቡ። የእነ ጋሊና ቄስ አካፋ ያዙ። እኛ ሴቶቹ ግድግዳውን በበረኪና አጠብን። ስለ ሃይማኖቶች መቻቻል የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሽታው አፍ አያስከፍትም ነበር።

ጨርሰን ወንበር ስናስገባ ሹሙ ፎቶ አንሺ አስከትሎ ከች አለ። ማን እንደነገረው እስካሁን አላውቅም። ጫማው ያብለጨልጫል። አባባን ስቦ በሩ ላይ ከጎኑ አቆማቸውና "እኛ ምንጊዜም ሽማግሌዎቻችንን እናስቀድማለን" ብሎ ንግግር ጀመረ።

አዛካው ጮኸ።

ሹሙ አባባን በክርኑ ገፍትሮ ከሁላችን ቀድሞ ገባ። አባባ ተንገዳግደው ግድግዳ ያዙ። ሼኽ ዩሱፍ በዚያ በጭቃ እጃቸው አባባን ብብታቸው ሥር ይዘው አወረዷቸው፤ ተሸክመዋቸው ገቡ ማለት ይቀላል። በሩ ተዘጋ። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ጩኸት ውስጥ አማቴና ልጆቼ አንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። ልቤ አልቻለም፣ አለቀስኩ።

ሹሙ ፈርቶ መሮጡን አልንቅበትም። ሁላችንም እንሮጣለን። የናቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጸጥ ሲል ወጣ፣ ኮቱን አራገፈ፣ በሩ ላይ ቆመና ንግግሩን ካቆመበት ቀጠለ። "አባ፣ ይምጡ እንጂ፣ ከጎኔ ይቁሙ" እያለ ወደ ታች ይጣራል።

ማንም አልወጣም። ሼኹ ለአባባ ውሃ እየቀዱ ነበር፣ ጋሊና ልጆቼን አቅፋለች። ሰውዬው ለፎቶ አንሺው ብቻ ሲደሰኩር ድምፁ ከላይ ይሰማን ነበር።

አሁን ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ እጁን ያነሳልኛል፤ እኔ ግን እንዳላየሁ ሆኜ አልፈዋለሁ። ባለቤቴ "ቂም ይዘሽበታል" ይለኛል። አልያዝኩበትም። ቂምማ የሚያዘው በሰው ላይ ነው።