ለኮሪደሩ ስልክ የተሰጠው ድርሻ

የሆስፒታላችንን የኔትወርክ ባለሙያ ትራፊኩ እንለው ነበር። ስሙን ያወጡለት የመዝገብ ቤት ሴቶች ናቸው፤ ያቺን ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ለራጅ ክፍል ይህን ያህል፣ ለፋርማሲ ይህን ያህል እያለ በሊኑክስ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያከፋፍል ስለሚውል።

«ዛሬ ደግሞ ማንን አቆምክብን?» ይሉታል። ይስቃል። በሥራው ይኮራ ነበር፤ ቢኮራም አይፈረድበትም። እሱ ከመምጣቱ በፊት አንድ የራጅ ምስል ሲላክ ሌሎቻችን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ነበር።

ትንሿን ድርሻ የሰጠው ለኮሪደሩ ስልክ ነው። ለወራት ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች በኢንተርኔት ከቤተሰባቸው ጋር የሚነጋገሩበት ነው። ድምፅ በሰከንድ ስምንት ኪሎ ቢት ይበቃዋል የሚል አነበበና አሥር ሰጠው። ከሌላው እንዳይበደርም ጣሪያውን እዚያው ላይ ዘጋው።

የክፍሉ ነርስ ሁለት ጊዜ መጣችበት።

«ወንድሜ፣ ያ ስልክ እኮ ይቆራረጣል። አናጢው አባባ ከልጃቸው ጋር መግባባት አቃታቸው።»

«ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ እህቴ። እንዲያውም ሁለት ትርፍ አለው።»

«ሒሳብ መች ጠየቅኩህ? መጥተህ ስማው ነው የምልህ።»

«እሺ፣ ሰሞኑን።»

ኮሪደሩ ከቢሮው አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። አልሄደም።

አናጢው ታካሚ፣ ሴት ልጃቸው ያለፈቃዳቸው ካገባች ጀምሮ ለዓመታት ተቀይመዋት ኖረዋል። ሲታመሙ ግን ራሳቸው ደወሉላት። በየሐሙሱ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው «አቤት? አቤት?» ሲሉ ይቆዩና ይዘጉታል። በስድስተኛው ሳምንት ለነርሷ «ዝም ትለኛለች፤ አልፈለገችኝም ማለት ነው» ብለው ተዉት። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ልጅቱ ዕቃቸውን ልትወስድ በመጣች ቀን ትራፊኩ የነርሷን ኮምፒውተር ሊያይ እዚያው ክፍል ነበር።

«ይቅርታ በጠየቅሁት ቁጥር ዝም ይለኛል» አለች ልጅቱ። «ልቡ አልራራልኝም።»

ነርሷ ቀና ብላ ትራፊኩን አየችው።

ቢሮው ተመልሶ የስልኩ ድምፅ ተከፋፍሎ የሚወጣባቸውንና የሚገባባቸውን እሽጎች አንድ በአንድ አየ። በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ ያለው ድምፅ ሃያ ባይት፣ ላዩ ላይ የሚለጠፈው አድራሻ አርባ። ፖስታው የደብዳቤውን እጥፍ ይመዝናል፤ እሱ የመዘነው ደብዳቤውን ብቻ ነው። ለስልኩ የሚያስፈልገው የስምንት ሦስት እጥፍ፣ ሃያ አራት ኪሎ ቢት ኖሯል። ከንግግሩ ከግማሽ በላይ መንገድ ላይ ሲጣል ከርሟል። ቁጥሩን ሠላሳ ሁለት አደረገው። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሮጦ የግቢው በር ላይ ደረሰባት።

«እህቴ፣ አባትሽ ዝም አላሉሽም። ስልኩ ነው። ስልኩም አይደለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ ያደረገውን ነገራት።

«ታዲያ ይቅርታዬን ሰምቶታል?»

«አላውቅም።»

«እሱ ያለኝስ? የሆነ ቦታ ተቀምጦ አይገኝም?»

«የተጣለ አይቀመጥም።»

የአባቷን ሸሚዞች የያዘችበትን ፌስታል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» አለችው። ጥቂት ራመድ ካለች በኋላ ዞር ብላ «አይ፣ እንኳን ነገሩኝ» አለችና ሄደች።

ይህን ትራፊኩ የነገረን ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ከሁለቱ የትኛውን ከልቧ እንዳለችው እስከ ዛሬ አያውቅም።